አያ ጠይብ እና የመምህሩ ሳጥን

አያ ጠይብ ሙሐመድኑር በደባርቅ ከተማ ሬዲዮ መጠገን ከጀመሩ አርባ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይቀራል። በግራ በኩል ባለቤታቸው የጠፋ የሬዲዮ ቀፎዎች እስከ ጣራ ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል፣ በመስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛው፣ መበየጃ ካውያው፣ ቴስተሩና በሽቦ ተጠግኖ የቆመ አጉሊ መነጽር አለ። ደንበኛ ገብቶ «እንዴት ዋሉ አያ ጠይብ?» ሲላቸው አንገታቸውን ሳያቀኑ «አልሐምዱሊላህ፣ አስቀምጠውና ተቀመጥ» ይላሉ፤ መቀመጫ ግን የለም።

የተወለዱት ዳባት ነው፤ አባታቸው በገበያ ቀን ጨርቅና ጨው የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ግን ጨርቅ መለካት አልሆነለትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጎንደር ወርዶ ገብረ ሚካኤል ከሚባሉ ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ተጠጋ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ሲጠርግ፣ ቀጥሎ ሲያቀብል፣ በኋላም ሲበይድ ቆየና በ1976 ዓ.ም. ደባርቅ መጥቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

በዚያ ዘመን ሬዲዮ እንደ ዛሬው ተራ ዕቃ አልነበረም። በአንድ መንደር አንድ ሬዲዮ ካለ ባለቤቱ የተከበረ ሰው ነው። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንቴናው ሲሰበር የጃንጥላ ዘንግ ይቀጠልለታል፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ ወደ አያ ጠይብ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንዳለው የሚባል ገበሬ ከመካነ ብርሃን ማዶ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ሬዲዮኑን እንደ ጨቅላ በጋቢ ጠቅልሎ ደረሰ።

«ሲያቃስት ሰነበተ፤ ከትናንት ወዲያ ጭራሽ ዝም አለ» አለ፣ በጣም አዝኖ።

አያ ጠይብ የኋላ ክዳኑን ሲከፍቱት በጥጥና በጭድ መካከል አምስት ዐይናቸውን ያልገለጡ የአይጥ ልጆች ተኝተዋል።

«ሬዲዮህ አልታመመችም፤ ወልዳ ነው» አሉት።

ይህ ቀልድ በገበሬው አገር በጃናሞራ እስከ ዛሬ ይወራል።

አንድ ልማድ አላቸው። ዕቃ ጠግነው ከመክደናቸው በፊት ከክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የሠሩትንና ቀኑን ይጽፋሉ፤ «ድምፅ ማጉያ ተቀየረ፣ ጠይብ፣ ደባርቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 1981» እንደ ማለት። የሳቸው መሆኑን ሰው ሁሉ ገላጭ ሳያሻው ያውቀዋል። ጽሕፈታቸው በሕፃንነታቸው ከአንደኛ ደረጃ የፊደል መጽሐፍ እንደ ቀዱት እስከ ዛሬ ድርስ ክብና ቀጥ ያለ ነው።

አንድ መሐላም አለባቸው። መምህራቸው ገብረ ሚካኤል እርጅና ሲጫናቸው ላስቲኩ ብቻ የላላ ቴፕ ሲጠግኑ ካውያው ከእጃቸው አምልጦ የቴፑን ልብ አቃጠለው። ባለቤቱ «ግድ የለም» ቢልም እሳቸው በዚያው ቀን ሱቁን ቆልፈው ቁልፉን ለአከራያቸው መለሱ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ ንብ ሲያነቡ ኖሩ። ጠይብ ሊጠይቃቸው ሄዶ በንብ ቀፎዎቹ መካከል ቆመው ሳሉ «በሕይወት የመጣልኝ ዕቃ በእጄ ከሞተ እኔም በዚያው ቀን እተዋለሁ፤ ወላሂ» ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር፤ እጁም ድንጋይ ነበር።

አሁን ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ብዙ አይደለም፤ ሻይ አያፈስም። ካውያ ሲይዝ ግን ይታወቃል።

ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጀመሪያ፣ መምህር ሰይፈ ሥላሴ አንድ ጥቁር ሳጥን በዘንቢል ይዘው መጡ። መምህር ሰይፈ ሥላሴ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፤ ከአያ ጠይብ ጋር በወጣትነት የጀመሩት ወዳጅነት ሳይሰዳደቡ የዋሉበት ቀን የለውም። ሳጥኑን የሰጣቸው ስለ ጭላዳ ሊያጠና መጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ ነው። ሳጥኑ በኢንተርኔት መስመር ከየትም አገር ያለ ጣቢያ እየሳበ ያሰማል፤ ተራራው የከለከለውን የአዲስ አበባ ጣቢያ ሳይቀር እንደ ጎረቤት ጥርት አድርጎ ያመጣል።

«ምን ሆነ?» አሉ አያ ጠይብ።

«ይረሳል።»

«አንተስ አትረሳም?»

«እኔ ስረሳ ሚስቴ ስጦታ ታስታውሰኛለች። ይህ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ቀኑን ይጠይቀኛል፣ ቋንቋውን ይጠይቀኛል፣ የመስመሩን የምሥጢር ቁጥር ይጠይቀኛል። አሥራ ስድስት ፊደል በዚህች ጉብ ባለች ማዞሪያ እያዞርኩ፣ አንድ ስስት እንደገና ከመጀመሪያ!»

«ተማሪዎችህን በማባዣ ሰንጠረዥ ያሠቃየኸው ነው የሚከፈልህ።»

«አላግጥ አንተ። ስጦታ ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ሌላ ምን አላት? ሁልጊዜ ጠዋት በአራት ሰዓት ትረካዋን ትሰማበታለች። አሁን ታሪኩ ልጅቷ ልትዳር ጥቂት ቀን የቀራት ቦታ ላይ ነው። ስጦታ እንቅልፍ አጥታብኛለች፤ አባትየው ለማን እንደሚድራት አልታወቀም።»

አያ ጠይብ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ከፍተው አያውቁም። ብሎኖቹ ከምስር ያንሳሉ። ይሁን እንጂ የሚረሳ ዕቃ ምን እንደሚጎድለው ያውቃሉ፤ ሰዓትም ካልኩሌተርም በዚሁ በሽታ ሲታመሙ አይተዋል።

«ውስጡ አንድ ትንሽ ባትሪ አለ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ያስቀመጥክለትን ሁሉ የምትጠብቅለት እሷ ናት። ሞታለች። ተነቅላ ሌላ ትገባለች፤ በቃ።»

«ትችላለህ?»

ከአርባ ዓመት ወዲህ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መምህሩም ካሉት በኋላ ደንግጠው ወደ ደጅ ተመለከቱ። አያ ጠይብ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰብሰብ አደረጉ።

«ሰኞ ና» አሉ።

በማግስቱ ቢስሚላሂ ብለው ከፈቱት። ባትሪዋ እንዳሉት ናት፤ የሳንቲም መልክ ያላት፣ በሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች ከሰሌዳው ጋር የተበየደች። አዲሲቱን ከሰዓት ሻጩ አገኙ። ባትሪን በካውያ መንካት ግን አይገባም፤ ከጋለች ትፈነዳለች። ስለዚህ ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የባትሪ ማቀፊያ ነቀሉ፤ እሱን ቢበይዱት ባትሪዋ እንዲሁ ጠቅ ብላ ትገባለች፣ ወደፊትም የሚቀይር ሰው ካውያ አያሻውም። ይህ ሐሳብ ሲመጣላቸው ራሳቸውን እንደ ማመስገን አሉ።

የመጀመሪያዋን እግር በሰላም በየዱ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። የካውያው ጫፍ ሸርተት ብሎ አጠገቡ ያለችውን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ነካ አደረጋት። ክር የመሰለ ጭስ ተነሣ። አያ ጠይብ በአጉሊ መነጽሩ ቢያዩ ቢያዩ ግን የጠቆረም የተሰነጠቀም ነገር የለም።

ሳጥኑን መስመር ላይ ሲሰኩት በራ። «ጊዜውን ራሴ ከመረቡ ልውሰድ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። አያ ጠይብ እንግሊዝኛ ባይናገሩም የዕቃ እንግሊዝኛ ያነባሉ። መረቡ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ፣ ደግሞ በደባርቅ መጣ ሲሉት የሚሄድ ነው፤ የሰው ሰዓት በሱ ላይ እምነት ጥሎ አይሞላም። «አይ» የሚለውን ተጫኑና ሰዓቱን በእጃቸው፣ ቀኑንም ከክዳኑ ውስጥ በእርሳስ እንደ ጻፉት አንድ በአንድ አስተካክለው ሞሉለት። ከዚያ ሶኬቱን ነቀሉት። ለዙህር ሰግደው ተመልሰው ሲሰኩት ሳጥኑ ምንም ሳይጠይቅ ሰዓቱን እየቆጠረ ተነሣ።

«አስታወስክ አይደል!» አሉት፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ።

የቀረው ማሰማቱ ነው። የእኅታቸው ልጅ ሙጂብ ከሱቁ ደጅ ጠረጴዛ ዘርግቶ የስልክ ልባስና ቻርጀር ይሸጣል፤ ከሱ ስልክ ኢንተርኔት ለመኑና ሳጥኑን አያያዙት። መስመሩን አገኘ። ጣቢያውን ግን አላገኘም። መንኰራኩር የመሰለች ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ «መገናኘት አልተቻለም» ብላ ቆመች። ሌላ ጣቢያ መረጡ። ያው ነው። አሥር ጣቢያ ሞከሩ፤ አሥሩም አንድ ቃል።

ያቺ የጭስ ክር ትዝ አለቻቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ ከፈቱት፣ ከደኑት። የነኳትን ትንሽ ነገር በቴስተር ለኩ፤ ጤነኛ ትመስላለች። መስመር የምትስበውን ሽቦ ፈተሹ፤ ደኅና ናት። ሙጂብ «አጎቴ፣ እስቲ ልየው» ብሎ አንገቱን ሲያስገባ ክዳኑን ገጠም አድርገው «ሂድ ልባስህን ሽጥ» አሉት። ሳጥኑ ወደሳቸው ሲመጣ ሲናገር ነበር። ዛሬ አይናገርም። በመካከሉ የሳቸው እጅ ብቻ ነው ያለው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙጂብን ጠርተው «ሱቅ ስትፈልግ ከርመሃል። ከነገ ጀምሮ ይህ ያንተ ነው» አሉት።

ሙጂብ የሚያሾፉበት መሰለው። «ካውያዎንስ የት ሊያደርጉት?»

«ካውያውን ጨርሻለሁ።»

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ሳፊያ ነገሩን ቀድማ ከሙጂብ ሰምታ ቆየቻቸው።

«የሁዳ አባት፣ እውነት ነው?»

«በእጄ ሞተ፣ ሳፊያ።»

«ሰው አልሞተብህ! ሳጥን ነው።»

«የስጦታ ዐይን ነው።»

ሳፊያ ብዙ ልትናገር ተነሥታ ነበር፤ ፊታቸውን አየችና ተወችው። «እንግዲያው ሰኞ ራስህ ወስደህ ንገራቸው። ሰይፈ ሥላሴ ሱቅህ መጥቶ ባዶ ወንበር እንዳያገኝ» ብቻ አለች። ቀጥላም «ቤት ስትውልማ እኔን ነው ፈትተህ የምትገጥመኝ» ብላ ልታስቃቸው ሞከረች። ፈገግ አሉላት፤ ግን እሷን ለማስደሰት ነው።

ሰኞ ጠዋት አያ ጠይብ ሳጥኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ መምህሩ ግቢ ወጡ። መንገዱ አቀበት ስለሆነ ሁለት ጊዜ አረፉ። ምን ብለው እንደሚጀምሩ ሲያስቡ «ለክቼው ነበር»ም፣ «ፈትሼው ነበር»ም ውሸት ባይሆንም እንደ ውሸት ተሰማቸው።

እትዬ ስጦታ ፀሐይ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«አያ ጠይብ ነዎት? ሲራመዱ አውቅዎታለሁ። ይንገሩኝማ፣ ልጅቷ ተዳረች?»

«ገና አልሰማሁም እትዬ ስጦታ።»

«ሳጥኑ እርስዎ ዘንድ ከርሞ ሳይሰሙ! ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ከቤት ወጡ። ሳጥኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከአያ ጠይብ እጅ ተቀብለው በመስኮቱ ደፍ ላይ እንደ ወትሮው አስቀምጠው ሊሰኩት ሲሉ አያ ጠይብ ክንዳቸውን ያዙ።

«ቆይ። መጀመሪያ ስማኝ። ገደልኩብህ።»

«ምኑን?»

«ሳጥኑን። ባትሪዋ ገብታለች፤ አይረሳም። ግን ስበይድ እጄ አምልጦኝ አጠገቧ ያለውን ነካሁ። ጣቢያ የሚያመጣው ነገር ተቃጥሏል። ሦስት ቀን ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሱቁንም ለሙጂብ ሰጥቻለሁ።»

እትዬ ስጦታ ቀስ ብለው «አይ ወንድሜ፣ ለዚህ ብለው ያን አቀበት ወጡ?» አሉ። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ ይህ ነገር ከስድብ ይልቅ አያ ጠይብን ቆረጣቸው።

«ለማንኛውም አይረሳም ያልከውን ልየው» አሉ መምህሩ፣ የወዳጃቸውን ፊት ላለማየት ይመስላል፣ ሶኬቱን እየሰኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው አጎነበሱ። «በራ። ሰዓቱን ይዟል። አራት ሰዓት ከአሥር ይላል። ልክ ነው፤ የኔም ሰዓት...»

አቋረጡ።

«አራት ሰዓት ከአሥር?» አሉ እንደገና። «ይህ ሳጥን ከመቼ ወዲህ ነው የኛን ሰዓት ያወቀው? በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ አሥር ነው የሚለኝ፤ በየቀኑ ለስጦታ ስድስት እየቀነስኩ ነው የምነግራት።»

«እኔ ሞልቼለት ነው» አሉ አያ ጠይብ። «መረቡ ይሙላው ብሎ ጠይቆኝ እምቢ አልኩት።»

«ቀኑንስ?»

«ቀኑንም።»

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው እንደ ንባብ ክፍለ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ... አሥራ... ሰባት።» ቀና አሉ። «ጠይብ።»

«አቤት።»

«ይህ ሳጥን የማን ነው?»

«ያንተ።»

«ከኔ በፊት!»

«የፈረንጁ።»

«አራተኛ ክፍል ምን አስተምረውሃል? የኛ ዘመን ከፈረንጁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በስንት ያንሳል?»

አያ ጠይብ ሳያስቡት፣ ዳባት ትምህርት ቤት ቆመው እንደ መለሱት፣ «ሰባት» አሉ።

«ከጥር ወዲህስ?»

«ስምንት።» ከዚያ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ያ ረቢ።»

«ስምንት ዓመት!» አሉ መምህሩ። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደህ ጥለኸዋል! አንተ የዛሬን ጣቢያ አምጣ ትለዋለህ፤ እሱ ገና ፈረንጁ እንኳ ያልገዛው ሳጥን ነው!» እየሳቁ ግድግዳውን ተደገፉ። እትዬ ስጦታ «ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ!» እያሉ በርጩማቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

አያ ጠይብ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ማዞሪያዋን ያዙ። ቀኑን ለመለወጥ ገቡ፤ ሳጥኑ የቀድሞ ጥያቄውን ደገመላቸው፤ ጊዜውን ራሴ ከመረቡ ልውሰድ?

«ውሰድ» አሉት፣ «አዎ» የሚለውን ተጭነው። «ውሰድ፤ ካንተ ጋር ክርክር የለኝም።»

ሰዓቱ ዘለለ። ዓመቱ ዘለለ። መንኰራኩሯ ዞረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ያ የሚታወቀው የተራኪው ወፍራም ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ከመካከሉ ጀምሮ፣ ሽማግሌዎች ከሙሽራይቱ አባት ደጅ ቆመው ሲነጋገሩ።

«ዝም በሉ!» አሉ እትዬ ስጦታ፣ እጃቸውን ወደ ሁለቱም ዘርግተው። «ዝም! አልተዳረችም ገና!»

አያ ጠይብ በመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ምንም አልገደለም። ያ ጭስ የመበየጃው ሊድ ጭስ ብቻ ነበር። ትረካው ሲያልቅ ግን መምህሩ «ለሙጂብ ሰጠሁ ያልከው ምንድነው?» አሉ።

አያ ጠይብ ብድግ አሉ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረዱት አያውቁም። ሱቃቸው ሲደርሱ ሙጂብ ሜትር ዘርግቶ ግድግዳውን እየለካ ነው። ለስልኮቹ ያሠራው ረጅም የመስታወት ሣጥን መጥቶ ከመስኮቱ ሥር፣ በጠረጴዛው ላይ ጋደም ብሏል። አያ ጠይብ ደፉ ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩት።

ሙጂብ ሜትሩን ጥቅልል አደረገ። «ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን አላሳዩኝም? ስልክም ቀኑ ከተሳሳተ እንዲሁ ያደርጋል። ጣቢያው የመግቢያ ወረቀት ይልካል፤ ወረቀቱ የተጻፈበት ቀን አለው። ሳጥኑ ያለው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከሆነ ‹ይህ ወረቀት ገና አልተጻፈም› ብሎ በሩን ይዘጋል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው ይህን ይዞ ይመጣብኛል።»

«አፍሬ ነው ያላሳየሁህ።»

ሙጂብ አጎቱ ስለ ሥራ አፍሬአለሁ ሲሉ ሰምቶ አያውቅም። የመስታወት ሣጥኑን አየ፤ ለሰው ሁሉ ሱቅ አገኘሁ ብሎ ነግሯል።

«ስለዚህ ቃልዎን መለሱ ማለት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ግማሹን። በግራ ያሉትን ቀፎዎች ቤት እወስዳለሁ፤ ያ ግድግዳ ያንተ። ቀን የሚጠይቅ ዕቃ ሲመጣም እጠራሃለሁ።»

«መሐላውስ?»

«መሐላው አለ። በሕይወት የመጣ ዕቃ በእጄ የሞተ ቀን ቁልፉን ራሴ አመጣልሃለሁ።»

«መቼ ይሆን እሱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ አያ ጠይብ፣ ወንበራቸውን ስበው እየተቀመጡ። «እስከዚያ ድረስ ግን ይህን መስታወትህን ወዲያ አንሣው፤ ብርሃኑን ጋርደህብኛል።»